ከጓሳ በታች ዛፍ የሚያቆምበት መስመር፦ የሙቀቱ ሥራ ነው ወይስ የእጃችን?

የመሐል ሜዳ መምህር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የተወለድሁት በመንዝ ካለው የጓሳ ሜዳ ግርጌ፣ የመጨረሻዎቹ የገብስ ማሳዎች ካሉበት መንደር ሲሆን፣ አሁንም የማስተምረው ከዚያው ብዙም ሳልርቅ ነው። ከቤታችን በስተጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ተጠጋግቶ ይበቅልና ከአንድ ከፍታ ሲደርስ ወሰን እንደተከለለለት ሁሉ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጓሳ ሣር፣ ጨረንፌና አልፎ አልፎ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ የምቀመጥበት አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ያን ጊዜ በድንጋዩ ዙሪያ የነበረው አስታ ተቀምጬ እንኳ አይጋርደኝም ነበር። ባለፈው ጥር ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር ስወጣ ግን ድንጋዩን ለማግኘት ቅርንጫፍ ገልጠን መግባት ነበረብን፤ ቆሜ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እንኳ የአንዳንዱን ጫፍ መንካት አልቻልሁም።

ተማሪዎቼ ወዲያውኑ «የዓለም ሙቀት ስለጨመረ ነው» አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ስላልወደድሁ ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት። የአስታው ቁመት መጨመር በእርግጥ የሙቀት ምልክት ነውን? ዛፍስ በተራራ ላይ ከአንድ ከፍታ በኋላ የሚያቆመው በምን ምክንያት ነው? ሦስተኛው ጥያቄዬ የሚቸኩል ነው። ክበባችን በመጪው ክረምት ጥድና ኮሶ ለመትከል አስቧል፤ አንዳንዶቹ ወላጆች አየሩ ስለሞቀ ከአስታው በላይ ባለው ሣር ውስጥ ብንተክል ይበቅላል ይላሉ። ካቻምና ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ያገኘናቸው ችግኞች ሞቃት ቦታ የለመዱ ስለነበሩ በመጀመሪያው ውርጭ ጠቁረው አልቀውብናል። ልጆቹ ውኃ በጀሪካን ተሸክመው ያጠጧቸው ችግኞች ነበሩና ዘንድሮ ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

የደን ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ለተማሪዎችዎ መልስ ከመስጠትዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። በሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ዛፍ ለምን እዚያ ላይ እንደሚያቆም ሳይለዩ ሙቀት ይገፋዋል አይገፋውም ብሎ መከራከር አይቻልምና።

ብዙዎቻችን ዛፍ በብርድ አገር የሚቀጭጨው ምግቡን መሥራት ስለሚሳነው ይመስለናል። ቅጠል ግን ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ብርድ ውስጥ እንኳ ከብርሃን ስኳር ይሠራል። የሚሳነው ያንን ስኳር ወደ እንጨት፣ ወደ ሥርና ወደ አዲስ ቀንበጥ መለወጥ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የሕዋሳት መባዛት ሊቆም እስኪቃረብ ድረስ ይዘገያል። ስለዚህ በከፍታ ወሰኑ ላይ ያለ ዛፍ ጎተራው ሞልቶ ምድጃው ያልነደደበትን ቤት ይመስላል። የባዝል ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ክርስቲያን ኮርነርና ባልደረባቸው የንስ ፓውልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ከልዩ ልዩ አህጉራት ተራሮች የተሰበሰበ የአፈር ሙቀት ልኬት ሲያቀርቡ፣ ዛፍ የሚያቆምበት ከፍታ በየአገሩ እጅግ ቢለያይም በዕድገት ወራት ያለው አማካይ ሙቀት ግን በአብዛኛው ከ6 እስከ 7 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል። በቦሊቪያ ፖሊሌፒስ የተባለው ዛፍ ከ5000 ሜትር በላይ የሚገኘው፣ በአውሮፓ አልፕስ ግን ዛፍ ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ከመሬት ጋር ተጣብቀው ፀሐይ ያሞቀችውን አየር ይዘው ይቆያሉ፤ ዛፍ ግን ራሱን ወደ ነፋሱ ያወጣል፣ በጥላውም የገዛ ሥሩን ያቀዘቅዛል። ጅብራ ደግሞ የራሷ ዘዴ አላት፤ ሌሊት ቅጠሎቿን ወደ መካከል ሰብስባ እንቡጧን ትሸፍናለች።

አሁን ይህን ወደ ጓሳ እናምጣው። በጓሳ 3400 ሜትር ገደማ ላይ ለዓመታት በተወሰደ ልኬት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 18፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ ነው፤ የሁለቱ መካከል 11 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ዛፍን በብርድ ብቻ የሚያስቆመው ሙቀት የሚገኘው ከ4100 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ነው ማለት ነው። በአካባቢያችን ከፍተኛው አቡዬ ሜዳ እንኳ 4000 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ በአማካይ ሙቀት ብቻ ከተሄደ ጓሳ ሜዳ ዛፍ ለማብቀል የሚበቃ ሙቀት ዛሬ ብቻ ሳይሆን ትናንትም ነበረው። ከቤትዎ ጀርባ አስታው የሚያቆምበት መስመር የብርድ መጨረሻ አይደለም። አማካዩ የደበቃቸው ሌሎች ነገሮች ያሰመሩት መስመር ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያው የሌሊት ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ አየሩ በሚደርቅበት ጊዜ መሬት የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ በሣሩ ቁመት ያለው አየር በሰው ራስ ቁመት ካለው ይልቅ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የዓመቱ አማካይ 11 ሆኖ ሳለ አንድ ጣት የምታህል ችግኝ በአንዲት የታኅሣሥ ሌሊት ትሞታለች። የጎልማሳ አስታ ራስ ግን ከዚያ የውርጭ ንብርብር በላይ ስለሆነ አይነካም። ሁለተኛው በሜዳው ላይ ክረምት የሚተኛው ውኃ ነው፤ ሥሩ አየር ያጣ ዛፍ አይቆምም። ሦስተኛው ግጦሽ፣ እሳትና መጥረቢያ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ በመንዝ ከ3000 ሜትር በላይ ባሉ አድባራት አጥር ውስጥ ያሉትን ጥዶች ይመልከቱ። ከአጥሩ ውጭ አንድም ጥድ በሌለበት ቦታ፣ ያው አየርና ያው አፈር ሆኖ፣ በአጥሩ ውስጥ ግንዱን ሁለት ሰው የማያቅፈው ጥድ ቆሟል።

ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል፤ ብርዳማ ሌሊቶችም ቀንሰዋል። በስሌት ብቻ ከሄድን ይህ 200 ሜትር ያህል ወደ ታች እንደ መውረድ ነው። ዛፍ ግን ስሌቱን ተከትሎ በዚያው ፍጥነት አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም ዙሪያ ከ166 የተራራና የሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ቦታዎች የተሰበሰቡ ውጤቶች ሲመረመሩ፣ የዛፍ ወሰኑ ወደፊት የገፋው በ52 በመቶው ብቻ ነበር፤ በአብዛኛው ቀሪ ደግሞ ሙቀቱ ጨምሮም ካለበት አልተነቃነቀም። ወደፊት የገፋውም ይበልጡን ዛፎቹ ቀስ በቀስ እየሳሱ በሚያልቁበት ቦታ እንጂ እንደ እርስዎ ተዳፋት በድንገት በሚቆሙበት አልነበረም። በድንገት የሚቆም መስመር ብዙ ጊዜ ከሙቀት ሌላ ጌታ አለው።

ስለ አስታው ቁመት ልጠይቅዎ፦ ግንዱ አንድ ነው ወይስ ከአንድ ጉቶ ብዙ ሆኖ የወጣ? አስታ ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከሥሩ እብጠት እንደገና ያቆጠቁጣል። ብዙ ግንድ ከሆነ ቁመቱ የሚናገረው ከመጨረሻው መቆረጥ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ነው፤ ስለ ሙቀት የሚለው ጥቂት ነው።

ጓሳው ውስጥ እንትከል ለሚሉት ወላጆች ግን መልሴ አጭር ነው፤ እባካችሁ አትትከሉ። ያ ሣር ባዶ መሬት አይደለም። የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ የሚሆነው እሱ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወደ ዓባይ ተፋሰስ የሚወርዱ ምንጮችም የሚጠራቀሙበት እሱ ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት እየዘጉ ያቆዩት ለሣሩ ሲሉ ነበር። ጥዱንና ኮሶውን ከአስታው በታች፣ ድሮ ዛፍ ከነበረበትና ከተመነጠረበት ተዳፋት ላይ ትከሉት።

አዛውንት ገበሬ፣ ከጣርማ በር ወዲህ

መምህር ልጄ፣ የምጽፍልህ በልጅ ልጄ እጅ ነው። ባለሙያው የተናገሩት የውርጭ ነገር እውነት ስለሆነ እኔም በዓይኔ ያየሁትን ልጨምርበት።

ውርጭ እንደ ውኃ ነው፤ ከተራራ ወርዶ ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። ገብሳችን አብቦ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ውርጭ ሲመታው ሁልጊዜ የሚቃጠለው የሸለቆው ወገብ ሳይሆን ወለሉ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ጎረቤቴ ሲያጭድ ታች ያለው ጭድ ብቻ ይሰበስባል። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አርባ ያህል ኮሶ ተክዬ ነበር። ሃያውን ለስላሳ አፈር ስላለው በጎድጓዳው ሜዳ፣ ሃያውን ድንጋያማ በሆነው ትከሻ ላይ አደረግሁት። ሰው ሁሉ የድንጋዩ ይሞታል ብሎኝ ነበር። በሜዳው ከተተከሉት አንድም አልተረፈም፤ ከትከሻው ዛሬ አሥራ ሦስቱ ቆመዋል። ከእነዚህም የተሻሉት በትልቅ ድንጋይ ጥግና በአሜጃ ቁጥቋጦ ሥር የተተከሉት ናቸው። አሜጃው እንደ እናት ሆኖ ሌሊት ይሸፍናቸዋል፤ ጠዋት ውርጭ የነካው ቅጠል ላይ ፀሐይ ቶሎ እንዳታርፍም ይከልላል። ውርጩ ካቆሰለው ይልቅ ከውርጩ በኋላ ፀሐይ የመታው ቅጠል ቶሎ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ከድንጋይ ወደ ምዕራብ በኩል ትከሉ፣ የማለዳዋ ፀሐይ እንድትዘገይላቸው።

ሌላው የማየው ገብሱ ነው። በእኔ ልጅነት ከመንደራችን በላይ ካለው ገደል ወዲያ ማረስ የሞከረ ሰው ዘሩን እንኳ አያገኝም ነበር። ዛሬ እዚያ ይታጨዳል። አየሩ መሞቁን የማምነው በዚህ ነው። ነገር ግን ማረሻው ወደ ላይ ሲወጣ የቀደመው ነገር አስታ መመንጠር ነበር። ሙቀቱ ለዛፍ የከፈተውን በር እኛ ቀድመን ገባንበት። የማገዶው ነገርም ያስጨንቀኛል፤ እንጨት ሲጠፋ ኩበቱን አነደድን፣ ኩበቱ ሲነድ መሬቱ ሳሳ፣ መሬቱ ሲሳሳ ደግሞ ወደ አዲስ መሬት ወጣን። ባሕር ዛፉን ግን ምስክር አታድርገው፤ እሱ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ችግኙን አሳድጎ ስለሚተክለው ነው፣ ራሱ ዘርቶ የወጣ አይደለም።

የመሐል ሜዳ መምህር

አባባ፣ የልጅ ልጅዎንም ጨምሮ እጅ ነሥቻለሁ። ባለሙያውም ስለ ግንዱ የጠየቁኝ ጥያቄ ሌሊቱን ስላላስተኛኝ ቅዳሜ ዕለት ከአራት ተማሪዎች ጋር ተመልሼ ወጣሁ።

በጥቁሩ ድንጋይ ዙሪያ ካሉት ረጃጅም አስታዎች የአሥራ ሁለቱን ሥር አፈሩን በእጃችን እየገለጥን አየን። አሥሩ ከአንድ ጉቶ አምስትም ስድስትም ሆነው የወጡ ናቸው። ከጉቶዎቹ በሦስቱ ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ አለ፤ ዳር ዳሩ ተጠቅልሎ የተሸፈነ፣ መካከሉ ግን ገና ግራጫ ሆኖ የሚታይ ነው። በአንዱ ሥር ከሰል አግኝተናል። በልጅነቴ ያየሁት አጭር አስታ እንግዲህ ወጣት አስታ አልነበረም፤ ተቆርጦ ገና የሚያንሰራራ ሽማግሌ ነበር። ተማሪዎቼ ትንሽ አዘኑ፤ እኔ ግን ወደ ስሕተት ሳልመራቸው በመቅረቴ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

ከዚያ ግን ከመስመሩ በላይ ወዳለው ሣር ወጥተን ጎንበስ ብለን ፈለግን። በሜዳው ላይ ምንም የለም። በስተምሥራቅ ባለው ድንጋያማ ጫፍ፣ ጭጋግ ከቆላው ተነሥቶ በሚመታው በኩል፣ በጓሳ ጉብታዎች መካከል ዘጠኝ የአስታ ችግኞች አገኘን። ከስንዝር የሚበልጥ የለም፤ ሁሉም ከዘር የወጡ ባለ አንድ ግንድ ናቸው፣ ሥራቸውም እንደ ክር ቀጭን ነው። ከእናት ዛፎቹ ሽቅብ ያላቸው ርቀት ሰማንያ እርምጃ ያህል ነው። እነዚህን የሙቀት ልጆች ልንላቸው እንችላለንን? ባንችልስ ምን ብናደርግ ነው ለማለት የምንበቃው?

የዛፍ ቀለበት የሚያጠና፣ አንኮበር

መምህር፣ ዘጠኙ ችግኞች ከረጃጅሞቹ አስታዎች ሁሉ የበለጠ ትልቅ ነገር ናቸው። የዛፍ ወሰን መንቀሳቀሱን የሚያሳየው በሕይወት የሚቆይ ችግኝ ነው። ለሙቀት መጀመሪያ የሚመልሰው ያለው ዛፍ ነው፤ ቀንበጡ ይረዝማል፣ ግንዱ ይወፍራል። ከዚያ ብዙ ዘር ይሰጣል፣ ከዘሩ ጥቂቱ ይበቅላል፣ ከበቀለው ጥቂቱ ብቻ ከውርጩ ንብርብር በላይ ራሱን ያወጣል። ወሰኑ የሚለወጠው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያም አሥርተ ዓመታት ያልፋሉ። ዘንድሮ ያገኟቸውን ችግኞች የሙቀት ልጆች ለማለት ገና ነው፤ አንድ ደግ በልግ ያበቀላቸው፣ አንድ የጠራ ታኅሣሥ የሚወስዳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የግንዱን ቀለበት ቆጥሬ ዕድሜውን ልወቅ ስለሚል አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። በአውሮፓ አንድ የብርድ ወቅት አንድ ቀለበት ይሰጣል፤ በእኛ አገር ቀለበቱን የሚያሰምረው ብርዱ ሳይሆን ድርቁ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት በመንዝና በተጉለት አንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያስመስል ይችላል፤ በልጉ ሲቀር ደግሞ አንድ ብቻ ይሆናል። በሀበሻ ጥድ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የቀለበቱ ውፍረት ይበልጡን ዝናቡን እንደሚከተል ያመለክታሉ። ይህ ለጥያቄዎ ዋና ነገር ነው፤ ሙቀት ጨምሮ ዝናቡ ካልተሻለ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ከብርድ የዳነው ዛፍ በጥም ይቀጭጫል። እርስዎ ችግኞቹን ያገኙት ጭጋግ በሚመታው ጫፍ መሆኑን ስመለከት ይህን አሰብሁ። በወፍ ዋሻ ደንም ከአፋር በኩል የሚወጣው ጭጋግ የሚያርፍበት ተዳፋትና የማያርፍበት አንድ ከፍታ ላይ ሆነው እንኳ አይመሳሰሉም።

ሙቀት የዛፍን ወሰን ወደ ታች ሊያወርድም ይችላል። በኪሊማንጃሮ ላይ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ በላይኛው የአስታ ደን እሳት በዛ፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ እሳቱ የደኑን የላይኛ ወሰን በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ አድርጎታል። አስታ እርጥብ ሆኖ እንኳ የሚነድ ዛፍ ነውና፣ በየካቲትና በመጋቢት ማር ቆራጩም እረኛውም እሳት ይዞ ወደዚያ እንዳይወጣ መምከር ከመትከል ያላነሰ ሥራ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጥቂት ብረት ነው። በእያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ ሳይሆን ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገው አጭር የብረት ካስማ ይቸንክሩ፤ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ከብት ይስባል፣ እረኛም ይነቅለዋል። በየዓመቱ ከጥቅምት መጀመሪያ በፊትና ከጥር በኋላ ሁለት ጊዜ ወጥተው የትኛው እንዳለ፣ ስንት ጣት እንዳደገ ይመዝግቡ፤ በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል የሚሞተው ይበልጡን የውርጭ ሟች ነው፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ የጥም ነው። ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ሁለት አድርጉ፤ አንዱን በችግኙ ቁመት፣ ሌላውን በሰው ራስ ቁመት፣ ሁለቱንም ከፀሐይ ከልላችሁ ስቀሉ። ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቆመው በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሱ። በስሜን ተራሮችና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ስለ አስታ ወሰን ዛሬ የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው የድሮ ፎቶግራፍ ከአዲሱ ጋር ተስተያይቶ ነው፤ ያን የድሮ ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው በጊዜው ለዚህ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

የደን ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

አንድ ነገር ልጨምር። ዘጠኙ ችግኞች ባሉበት ጫፍ ላይ ትንሽ የድንጋይ ካብ ሠርታችሁ ግማሹን ከበግ ከልሉ፣ ግማሹን ተዉት። የተከለሉት ድነው ያልተከለሉት ከጠፉ ከልካዩ ጥርስ ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሞቱ ብርዱ ወይም ድርቁ ነው። ለካቡ ግን የአካባቢውን የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ለተከላው ደግሞ የጥዱን ዘር ከራሳችሁ ደብር ቅጥር ግቢ ልቀሙና በትምህርት ቤቱ ግቢ አፍሉት። ወደ መናገሻ ደን የተወሰደው የጥድ ዘር ከዚሁ ከወፍ ዋሻ እንደሄደ ይነገራል፤ እኛ ከሌላ ቦታ ዘር የምንለምንበት ምክንያት የለም።

የመሐል ሜዳ መምህር

የደብሩ አስተዳዳሪ ዘር እንድንለቅም ፈቅደዋል፤ ኮሚቴውም ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያነጋግረናል። ካስማውን አንድ የተማሪ አባት ከአሮጌ የአርማታ ብረት ቆርጠው ዘጠኙንም ሰጥተውናል። የመጀመሪያውን የሚመታው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ምዝገባውን የምንጽፍበትን ደብተር ባለ ብዙ ቅጠል አድርጌ ገዝቻለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው መምህር እንዲቀጥልበት።